ገንፎው ለእናት፣ ቅርሻቱ ከልጅ፦ ለአራስ ቤት የሚሆን ዝርዝር መመሪያ

የመጀመሪያ ልጄን በወለድኩ በዘጠነኛው ቀን እናቴ ገንፎ አገነፋች። መሃሉን ጎድጎድ አድርጋ በንጥር ቅቤና በበርበሬ ሞላችና ፊቴ አስቀመጠችው። ልጁ ጠብቶ እሷ ትከሻ ላይ ነበር። ድምፅ ሳያሰማ የጠባውን ሁሉ የሚመስል ወተት በነጭ ጋቢዋ ላይ ለቀቀው። "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ሊሉኝ የመጡ ሦስት ሴቶች ነበሩ፤ ከእናቴ ጋር አራት ምክንያት ወጣ። አንዷ በርበሬው አቃጥሎት ነው አለች። አንዷ ቅቤው ከብዶት ነው አለች። ሦስተኛዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ትናንት ማን ገብቶ እንደነበር ጠየቀች። እናቴ ደግሞ ብርድ ነው ብላ መስኮቱን ዘጋች።

እኔ ገንፎውን ገፋ አደረግኩት። ሦስት ቀን በደረቅ እንጀራና በሻይ ቆየሁ። ልጁ ማቅረሸቱን አልተወም፤ ያለቀው የእኔ አቅም ነው። በአራተኛው ቀን ልታየን የመጣች አዋላጅ ነርስ ሳህኔን ሳይሆን ልጁን እንዴት እንደያዝኩት አየች። "ቅርሻቱ እዚህ ነው ያለው" አለችኝ፣ ክርኔን ይዛ ከፍ እያደረገች። ከዚህ በታች ያለው ከእሷ ከተማርኩት፣ ከዚያ ወዲህ ካነበብኩትና በሁለተኛው ልጄ ካረጋገጥኩት የተጠራቀመ ነው።

አንደኛ፦ ቅርሻትን ከትውከት ለዪ

ቅርሻት ይፈስሳል፤ ትውከት ይገፋል። የሚያቀረሽ ልጅ ሆዱ አይኮማተርም፣ ፊቱ አይቀላም፤ ወተቱ ከአፉ ጠርዝ ወርዶ አገጩን ያረጥባል፣ እሱ ግን እንደነበረ ነው። አንዳንዴም ከግሳት ጋር ይመጣል። የሚያስመልስ ልጅ ደግሞ ሲያምጥ ይታያል።

ምክንያቱ የሰውነቱ ለጋነት ነው። ምግብ ከሚወርድበት ቧንቧ ወደ ጨጓራ መግቢያው ላይ እንደ ከረጢት አፍ የሚዘጋ ጡንቻ አለ። በጨቅላ ላይ ይህ ጡንቻ ገና ላላ ያለ ነው። ጨጓራው ትንሽ፣ ምግቡ ሁሉ ፈሳሽ፣ እሱ ራሱ ቀኑን ሙሉ ተጋድሞ የሚውል። ከሦስት ወር በታች ካሉ ሕፃናት ግማሽ ያህሉ በቀን ቢያንስ አንዴ ያቀረሻሉ። አራተኛው ወር ገደማ ይብሳል፤ ቁጭ ማለት ሲጀምር እየቀነሰ ሄዶ ዓመት ሲሞላው አብዛኛው ልጅ ይተወዋል። ስለዚህ በሁለተኛው ወር "ይኸው ባሰበት" ብለሽ ስትደነግጪ፣ ነገሩ መንገዱን እየሄደ ሊሆን ይችላል።

የረጋ፣ እርጎ የመሰለ ቢሆንስ? ያው ነው። ወተቱ ጨጓራ ውስጥ ጥቂት ከቆየ በአሲዱ ይረጋል፤ ይጎመዝዛል፣ ይሸታል። "ወተትሽ ተበላሽቷል" የሚለው ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ይህን ካዩ ሴቶች ነው። ጡት ውስጥ ወተት አይበላሽም።

መጠኑን በዓይን መገመት አይቻልም። አዋላጇ ያስደረገችኝን አድርጊ፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ ወተት አሮጌ ነጠላ ላይ አፍስሺና እድፉ እስኪሰፋ ጠብቂ። ከመዳፍሽ ይሰፋል። እኔ "ሁሉንም አወጣው" እያልኩ ያለቀስኩበት ያ የጋቢ እድፍ አጠገቡ ሲነጠፍ ከአንድ ማንኪያ ተኩል አይበልጥም ነበር።

ሁለተኛ፦ እነዚህን ካየሽ ማንበብሽን ትተሽ ሂጂ

አረንጓዴ ትውከት ከሁሉ ይቀድማል። ጨቅላ አረንጓዴ ካስመለሰ አንጀቱ ተዘግቶ ወይም ተጠምዝዞ ሊሆን ስለሚችል እስኪነጋ አይጠበቅም። ደም ያለበት ወይም የቡና አተላ የመሰለም እንዲሁ። ሆዱ ተነፍቶ ከጠነከረ፣ ጡት እምቢ ካለ ወይም ለመጥባት ካልነቃ፣ ብብቱ ውስጥ ሲለካ ሙቀቱ 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ወይም ከ35.5 በታች ከሆነ፣ ትንፋሹ በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ እርግብግቢቱ ካበጠ ወይም ከሰረጎደ፣ ቢጫነቱ መዳፉና ውስጥ እግሩ ድረስ ከወረደ፣ ሰገራው ላይ ደም ካለ፤ ከእነዚህ አንዱ ብቻውን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ለመሄድ ይበቃል።

አንዱን ለይቼ ልናገር፣ ምክንያቱም ቀስ ብሎ ስለሚጀምር "ቅርሻት ነው" ተብሎ ይታለፋል። ከሁለተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ይልቁንም ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው፣ ልጁ በጠባ ቁጥር ወተቱ ርቆ የሚወረወር ከሆነና ወዲያው ተርቦ እንደገና ጡት የሚፈልግ ከሆነ፣ የጨጓራው መውጫ ጡንቻ ወፍሮ መንገዱን እያጠበበው ሊሆን ይችላል። ወንዶች ላይ ከሴቶች ይበዛል፤ በኩር ልጆች ላይም እንዲሁ። በአልትራሳውንድ ይታያል፣ በቀዶ ጥገና ይድናል። ከዘገየ ግን ልጁ ይደርቃል።

ሦስተኛ፦ የሚወጣውን ትተሽ የሚቀረውን ቁጠሪ

ሁላችንም የምናየው ጋቢው ላይ ያለውን ነው። ሆዱ ውስጥ የቀረውን የሚነግርሽ ሽንትና ሚዛን ነው።

ሽንት፦ በመጀመሪያው ቀን አንዴ፣ በሁለተኛው ሁለቴ እያለ ይጨምራል፤ ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ በ24 ሰዓት ስድስትና ከዚያ በላይ እርጥብ ዳይፐር መኖር አለበት። ዳይፐር እርጥብ መሆኑን በእጅ መለየት ለሚቸግራት፦ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ንጹሕ ዳይፐር ላይ አፍስሰሽ ክብደቱን በእጅሽ ልመጂው። ሰገራው ደግሞ ከጥቁር ዝፍት መሰል ተነስቶ፣ አረንጓዴ ሆኖ፣ አምስተኛው ቀን ገደማ የሰናፍጭ ቀለም ይይዛል።

ሚዛን፦ ጨቅላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይቀንሳል፤ ከተወለደበት ክብደት እስከ 10 በመቶ ድረስ ሊወርድ ይችላል። ብዙዎቹ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመልሱታል፣ ከዚያም በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም እየጨመሩ ይሄዳሉ። የእኔ ልጅ በ3.1 ኪሎ ተወለደ፣ በአምስተኛው ቀን 2.9 ሆነ፣ በአሥራ ሦስተኛው 3.15፤ ለ45 ቀን ክትባት ስወስደው 4.2 ኪሎ መዘነ። በእነዚያ ቀናት ሁሉ እያቀረሸ። ካርዱን ላሳየኋት እናቴ "እንግዲህ ያቅርሽ!" ብላ ሳቀች።

ክትባት ስትወስጂው ሳይመዘን አትመለሺ። ሰልፉ ረዝሞ ባለሙያዋ ብትረሳ እንኳ አስታውሻት፤ እንደ ቅርሻት ላለ ነገር ከካርዱ መስመር የተሻለ ምስክር የለም።

አራተኛ፦ አጠባቡን አስተካክዪ

ብዙው ቅርሻት የሚስተካከለው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ሳያለቅስ አጥቢው። አፉን ወዲያ ወዲህ ሲያዞር፣ እጁን ሲልስ፣ ሲነጫነጭ አንሺው። ለቅሶ የመጨረሻው ምልክት ነው፤ የሚያለቅስ ልጅ አየር ይውጣል፣ አየሩ ሲወጣ ወተቱን ይዞ ይወጣል። በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት የተለመደ ነው፣ ሌሊትንም ጨምሮ። በጣም አራርቀሽ ስትጠብቂ ጡትሽ ይሞላል፣ እሱም በርሃብ ተስገብግቦ ከአቅሙ በላይ ይጎትታል።

አቀማመጥሽ ቀጥሎ ይመጣል። ጀርባሽ ይደገፍ። አንቺ ወደ ልጁ አትጎንበሺ፤ ልጁን ወደ አንቺ አምጪው። ጆሮው፣ ትከሻውና ዳሌው በአንድ መስመር ይሁኑ፣ ሆዱ ሆድሽን ይንካ። የእኔ ስህተት እዚህ ነበር፦ ልጁን በጀርባው ጭኔ ላይ አጋድሜ፣ አንገቱን ብቻ አዙሬ ነበር የማጠባው። አንገቱን ዞሮ የሚውጥ ትልቅ ሰውም ትን ይለዋል፤ ውሃ ጠጥተሽ ሞክሪው።

ጉርሻው፦ የጡትሽን ጫፍ በላይኛው ከንፈሩና በአፍንጫው መካከል አስነኪው። አፉን እንደሚያዛጋ ሰው ሲከፍት ፈጥነሽ አስጠጊው፣ አገጩ ቀድሞ ጡቱን ይንካ። በደንብ ሲጎርስ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ይገለበጣል፣ ጉንጩ ሙሉ ይሆናል፣ በጡት ጫፍ ዙሪያ ካለው ጥቁር ክብ ከላይ በኩል የሚታየው ከታች ከሚታየው ይበልጣል። "ጭ ጭ" የሚል ድምፅ ከሰማሽ ወይም ጫፉ ካመመሽ አጎራረሱ ተበላሽቷል፤ አየርም እየገባ ነው። ትንሿን ጣትሽን በአፉ ጥግ አስገብተሽ አላቅቂውና እንደገና ጀምሪ። አምስት ጊዜ ቢሆንም።

አንዱን ጡት ጨርሶ ራሱ ሲለቅ ሌላውን ስጪው። በሰዓት ለክተሽ ከአንዱ ወደ ሌላው አታዘዋውሪው።

ወተት የሚበዛባት እናት አለች። በሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ወተቱ ሲወርድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በኋላ ለሳምንታት፣ ልጁ ገና እንደጎረሰ ይታነቃል፣ ትን ይለዋል፣ ከጡት ይነጠቃል፣ ኋላም ያቀረሻል። "ጡትሽን ጠላው" ይሉሻል፤ አልጠላም፣ ጎርፍ መጥቶበት ነው። ወደ ኋላ ጋደም በዪና ልጁን ደረትሽ ላይ በሆዱ አስተኝተሽ ከላይ እንዲጠባ አድርጊ፤ ወተቱ ሽቅብ ሲወጣ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ወይም የመጀመሪያውን ፈንጣቂ በጨርቅ ተቀብለሽ፣ ሲረጋጋ አጉርሺው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት የሚመጣው ወፍራም ቢጫ ወተት እንገር ነው። ጥቂት ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ልጁ በአንድ ጊዜ የሚያገኘው ከአንድ ሁለት የሻይ ማንኪያ አይበልጥም፣ ሆዱም ከዚያ ብዙ አይጠይቅም። ድሮ "ያረጀ ወተት ነው" ተብሎ ይታለብና ይደፋ ነበር። የበሽታ መከላከያው የተከማቸው በእሱ ውስጥ ነው፤ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጀምር።

አምስተኛ፦ ከጠባ በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት

ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቀጥ አድርገሽ ደረትሽ ላይ ያዢው። ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ሠላሳ ደቂቃ እንደማትቆይ አውቃለሁ፣ እኔም አልቆየሁም፤ አሥርም ይረዳል። እንዲያገሳ ትከሻሽ ላይ፣ ወይም ጭንሽ ላይ አስቀምጠሽ አገጩን በመዳፍሽ ደግፈሽ፣ ጀርባውን ከታች ወደ ላይ እሺው። መታ መታ ማድረግ ይቻላል፣ መደብደብ ግን አያስፈልግም። በጥቂት ደቂቃ ካላገሳ ተዪው፤ ጡት የሚጠቡ ልጆች ሁሌም የሚያገሱት ነገር የላቸውም።

ሆዱን የሚጫን ነገር አስወግጂ። እምብርቱ እንዳይወጣ ተብሎ የሚታሰር መቀነት፣ የጠበቀ ዳይፐር፣ እንደ ሙሽራ የተጠቀለለ ፎጣ፤ ሁሉም ወተቱን ወደ ላይ ይገፉታል። የመኪና ወንበርም ጨቅላውን አጥፎ ስለሚያስቀምጥ ከጠባ በኋላ ማቆያ አታድርጊው።

ገላውን ማጠብና በቅቤ ማሸት ከመጥባቱ በፊት ይሁን። የእኛ አጣቢዎች ሲያሹ ክንድና እግር ያጣጥፋሉ፣ ይገለብጣሉ፣ አንዳንዷም በእግሩ ይዛ ታንጠለጥለዋለች፤ ማንጠልጠሉ ፈጽሞ ይቅር፣ የቀረው በባዶ ሆድ ይሁን። ታጥቦ፣ ታሽቶ፣ ጠብቶ የተኛ ልጅ እንቅልፉም ደህና ነው።

ሲተኛ በጀርባው፣ ጠንካራና ዝርግ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስ። "ቢያቀረሽ ይታፈናል" የሚለው ፍርሃት በየቤቱ አለ፣ እናቴም በጎኑ አድርጋ በጨርቅ ጠቅልላ ትደግፈው ነበር። በጀርባ ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከምግብ ቧንቧው በላይ ነው የሚሆነው፤ የወጣው ወተት ወደ ታች ይመለሳል። በሆዱ ሲተኛ ግን የአየር ቧንቧው ከታች ስለሚሆን ወተቱ ወደዚያ ሊፈስ ይችላል። በሆድ መተኛት በእንቅልፍ ለሚደርስ ድንገተኛ ሞት ያጋልጣልና፣ የሚያቀረሽ ልጅም ቢሆን በጀርባው።

ስድስተኛ፦ አሁን ወደ ድስቱ

ከበርበሬው ልጀምር። የምግብ ሽታና ጣዕም በጥቂቱ ወደ ወተት ይገባል፤ ነጭ ሽንኩርት ስትበዪ ልጅሽ ይቀምሰዋል። ማቃጠሉ ግን ሆድ አይቆጠቁጥም። ጎመን፣ ባቄላና ሽሮ ያንቺን ሆድ ቢነፉም ያ አየር አንጀትሽ ውስጥ ይቀራል፣ ወደ ጡት የሚሄድበት መንገድ የለውም። ስለዚህ "ልጁን ይነፋዋል" ተብሎ ጎመን የተከለከለች አራስ ያለ ጥፋቷ ነው የተቀጣችው።

የምታጠባ ሴት በቀን 500 ካሎሪ ያህል ተጨማሪ ያስፈልጋታል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ይህንን "ለነፍሰ ጡር አንድ፣ ለምታጠባ ሁለት ተጨማሪ ምግብ" ብለው ያስተምሩታል። ገንፎና አጥሚት እዚህ ቦታቸውን ያገኛሉ፦ ለደከመ ሰው ለማኘክ የማያስቸግር፣ ትኩስ፣ ጉልበት የሚሰጥ።

ገንፎ ለአንድ አራስ፦ ሁለት ኩባያ ውሃ በጨው አፍዪና ግማሽ ኩባያውን ቀንሰሽ አስቀምጪ። አንድ ኩባያ ያህል የተነፋ የገብስ ዱቄት መሃሉ ላይ አፍስሺ፣ ጥቂት ይንፈቅፈቅ፣ ከዚያ ድስቱን አጥብቀሽ ይዘሽ በማማሰያ በርትተሽ አማስዪ፤ ጓጉሎው እስኪጠፋ። ካስቀመጥሽው ሙቅ ውሃ እያስጎነጨሽ፣ እሳቱን ቀንሰሽ፣ ክዳን ደፍተሽ አብስዪው፣ በየመሃሉ እያገላበጥሽ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይፈጃል። የጥሬ ዱቄት ሽታ እያለው አይወጣም፤ ያልበሰለ ገንፎ አራሷን ይነፋታል፣ ስሙም በቅቤው ይመካኛል። ቅቤ የተቀባ ሳህን ላይ አድርገሽ እያወዛወዝሽ ክብ አውጪው፣ መሃሉን በማንኪያ ጀርባ ጎድጉጂ፣ በርበሬ የተለወሰበት ንጥር ቅቤ ሙዪበት።

ቅቤው ምን ያህል? እኔ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል እላለሁ። እናቴ በዚህ አትስማማም። ቅቤ የወተትን ብዛት አይጨምርም። ወተትን የሚያበዛው ጡት በተደጋጋሚ መጠባቱና ባዶ መሆኑ ነው፤ ጡት በተጠባ ልክ ይሠራል። የምትበዪው ግን ላንቺ ሰውነት ምትክ ነው፣ በወተቱ ውስጥ ያሉ እንደ አዮዲንና ቢ12 ያሉ ነገሮችም ከሳህንሽ ይመጣሉ። ስለዚህ ጨውሽ አዮዲን ያለው ይሁን፤ ከገንፎው ጎን እንቁላል፣ ምስር፣ ጎመን፣ ስጋ፣ ፓፓያ ወይም ብርቱካን ይኑር። በገንፎና በቅቤ ብቻ አሥር ቀን የቆየች አራስ ደግሞ ሆዷ ይደርቃል፤ ከስፌት ጋር ሲሆን ምን ማለት እንደሆነ የወለደች ታውቀዋለች። የተቆላ ተልባ ወቅጠሽ፣ በውሃ በጥብጠሽ፣ አጥልለሽ ጠጪ።

አጥሚት፦ የአጃውን ዱቄት በደረቁ ቀለም ሳይለውጥ አመስ አድርጊው። አራት የሾርባ ማንኪያውን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠሽ አጥልዪ፣ አንድ ሊትር የፈላ ውሃ ላይ እያማሰልሽ ጨምሪ፣ 15 ደቂቃ ያህል ይንተክተክ። ጨው ወይም ማር፣ ጥቂት ቅቤ። ውጭ አገር ያላችሁ የገበያውን ኦትስ በመፍጫ አድቅቃችሁ ብትሠሩት አጥሚት ነው፤ አማት በስልክ ካላየችው ማንም አይለየውም።

አብሽ ወተት ያወርዳል ይባላል፤ ከእኛ ውጪ ባሉ አገሮችም እንዲሁ ይታመናል፣ ማስረጃው ግን ጠንካራ አይደለም። ከወደድሽው ዱቄቱን በብዙ ውሃ ዘፍዝፈሽ፣ ላዩ ላይ የሚጠልለውን መራራ ውሃ ደጋግመሽ ደፍተሽ፣ መትተሽ በማር ጠጪ። ላብሽና የልጁ ሽንት አብሽ አብሽ ቢሸት አትደንግጪ። ሆድ ካላላ፣ ያንቺም ሆነ የልጁ፣ አቁሚው። የስኳር መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ስኳር ስለሚያወርድ ሐኪምሽን ሳታማክሪ አትጀምሪ።

ቡና አይከለከልም፣ ይቆጠራል እንጂ። የአዋቂ ሰውነት ካፌይንን በአምስት ሰዓት ገደማ ግማሹን ያስወግደዋል፤ ለአዲስ ጨቅላ ግን ቀናት ይፈጅበታል። አቦልና ቶና ጠጥተሽ በረካውን ለጠያቂዎችሽ ተዪ። ከቡናው ይልቅ የሚያሳስበኝ ጭሱ ነው። መስኮት ተዘግቶ፣ ከሰል ተቀጣጥሎ፣ እጣን ተጨምሮ፣ ቡና ሲቆላ አራስና ጨቅላ እዚያው ክፍል ውስጥ ናቸው። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። ምድጃው በረንዳ ላይ ይሁን፣ ቡናው ተፈልቶ ይግባ። ሲጋራማ ከነአጫሹ ከቤት ይውጣ።

ጠላና ቢራ "ወተት ያመጣል" ተብሎ ለአራስ ይቀርባል። አልኮል ወተቱ እንዳይወርድ ያግዳል፣ ራሱም በወተት ውስጥ ያልፋል። ጠላ ደግሞ ከቤት ቤት ጥንካሬው ስለሚለያይ ልኩን ማወቅ አይቻልም። ውሃ በጥምሽ ልክ ጠጪ፤ ልጁ ሲጎርስ ጥሙ ራሱ ይመጣል።

ሰባተኛ፦ ምግብሽ እውነትም ምክንያት የሚሆንበት ጊዜ

አለ፣ ግን ጥቂት ነው። አንዳንድ ሕፃን በእናቱ ወተት በኩል የሚያልፈው የላም ወተት ፕሮቲን አይስማማውም። ምልክቱ ቅርሻት ብቻውን አይደለም፦ ሰገራው ላይ ንፍጥ ወይም የደም ክር፣ የማይጠፋ የቆዳ ሽፍታ፣ ሲጠባ መቆራመድና ክብደት አለመጨመር አብረው ይታያሉ። እንዲህ ከሆነ ሐኪም ጋር ተነጋግረሽ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ወተት፣ እርጎ፣ አይብና ቅቤ ታቆሚያለሽ፤ ከዚያ መልሰሽ ትሞክሪዋለሽ።

እዚህ ላይ የእኛ ቤት ዕድለኛ ነው። ሌላው ዓለም "ያለ ወተት ምን እበላለሁ?" ብሎ ሲጨነቅ እኛ ግማሹን ዓመት ስንሠራው የኖርነው ሙያ ነው፤ የጾም ሽሮ፣ የጾም ገንፎ በተልባና በዘይት፣ ምስር፣ ሱፍ ፍትፍት። ሥጋና እንቁላል እንደልብሽ ስለምትጨምሪ ጾምም አይሆንብሽም። ግን ያለ ምልክት፣ "ለማንኛውም" ብለሽ አትጀምሪው። እኔ የጀመርኩት እንደዚያ ነው፣ ያተረፍኩትም ማዞር ነው።

ስምንተኛ፦ አፉ ውስጥ የማይገቡ ነገሮች

እስከ ስድስት ወር ከጡት በስተቀር ምንም፣ ውሃም ቢሆን። ይህን ለአያቶች መንገር ከባዱ ክፍል ነው። የሚያቀረሽ ልጅ ሲያዩ እጃቸው ዝም አይልም፦ ቅቤ ማላስ፣ የአብሽ ውሃ፣ ጤና አዳም፣ የስኳር ውሃ። ቅቤው ከሳንባ ከገባ ሳንባ ያቆስላል። ጤና አዳም በቡና ሲኒ ላይ የምናውቀው ቅጠል ቢሆንም ለጨቅላ መርዝነት አለው። ማር ደግሞ ዓመት እስኪሞላው አይቀመስም፤ አንጀቱ ውስጥ በቅሎ ጡንቻን የሚያሽመደምድ የቦቱሊዝም ዘር ሊኖርበት ይችላል። "ወፈር ያለ ነገር ይያዝለት" ተብሎ በሁለት ወሩ አጥሚት የሚጠጣ ልጅም አውቃለሁ፤ የቀረበት የጡት ወተት ነው። የጣሳ ወተት የምትሰጪ ከሆነ በጣሳው ላይ በተጻፈው ልክ በጥብጪ፣ አታቅጥኚ አታወፍሪ፤ ጡጦውን ጋደም አድርገሽ ያዢ፣ በየመሃሉ አሳርፊው።

ስለ እንጥል አንድ ነገር። "የሚያስመልሰው እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥለት" የሚል ሰው ከመጣ ልጁን አቅፈሽ ተነሺ። እንጥል መቁረጥ ቅርሻትን አያቆምም፤ ደም ያፈስሳል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ በዚህ የሞቱ ሕፃናት አሉ። ድዱን ቧጥጦ "ግግ" ማውጣትም ያው ነው።

እናቴን ያሳመንኳት በክርክር አይደለም። "እማዬ፣ ያንቺ ሥራ እኔን ማብላት ነው፣ እሱን ማብላት ለእኔ ተዪልኝ" አልኳት። ሥራ ከተሰጣት በኋላ የልጁን አፍ ተወችው። ቅቤ ማላሱ ወደ ድስቱ ሄደ።

የመጨረሻው ሥራ፦ እጥበቱ

ቅርሻት ያለበትን ጨርቅ መጀመሪያ ሙቅ ውሃ ውስጥ አትክተቺው፤ ፕሮቲኑ ይበስልና እድፉም ሽታውም ይጣበቃል። በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቂ፣ ሳሙና መትተሽ ግማሽ ሰዓት አቆዪው፣ ከዚያ ብቻ ለብ ባለ ውሃ እጠቢና ፀሐይ ላይ ስጪው። የእናቴ ጋቢ ያን ቀን በፈላ ውሃ ነበር የገባው። ትከሻው ላይ ያለው ቢጫ ክብ እስከ ዛሬ አልለቀቀም፤ ልጁ አሁን ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ እሷም ጋቢውን ስታጥፍ እያሳየች ታሳፍረዋለች።